ስሚሩ ኔጌቲቭ ከሆነ ሥጋ ደዌ የለም ማለት ነው?

ጀማሪ ሐኪም፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ስምንት ወሬ ነው። ትናንት አንድ ታካሚ አይቼ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ፤ ልምድ ያላችሁ እንድትረዱኝ ነው የምጽፈው።

ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ነው። በግራ ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ፣ የግማሽ መዳፍ ስፋት ያለው ነጣ ያለ ምልክት አለ። ጠርዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ከጤናማው ቆዳ በግልጽ ይለያል፤ መሐሉ ደረቅ ነው፤ ፀጉርም የለበትም። አያሳክከውም፣ አያመውም። ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለት ጊዜ የፈንገስ ቅባት ተሰጥቶት ምንም አልተለወጠም። በጥጥ ስነካው መሐሉ ላይ የሚሰማው አልመሰለኝም።

ሥጋ ደዌ ጠርጥሬ ከሁለቱም ጆሮዎቹና ከምልክቱ ላይ የቆዳ ስሚር (ከቆዳ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ናሙና) አስወሰድኩ። ሦስቱም ኔጌቲቭ ሆነው ተመለሱ። አብሮኝ የሚሠራው ባልደረባዬ «ላቦራቶሪው የለም ካለ የለም ነው፤ በወጣት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ስም አትለጥፍበት» አለኝ። እኔም ልቤ ሳያምን፣ በሳምንት ተመለስ ብዬ አሰናበትኩት።

ማንን ልመን? እጄን ወይስ ማይክሮስኮፑን? ናሙናውን የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ለሚፈልገው ለፒሲአር ምርመራ ብልክ ወይም የደም ምርመራ ባዝዝስ ይለይልኛል?


ስላይድ አንባቢ፦

ወንድሜ፣ እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ 17 ዓመት የኖርኩ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ ስለ ራሴ መሣሪያ ልናገር። እኔ ኔጌቲቭ ብዬ ስጽፍ «ባክቴሪያ የለም» ማለቴ አይደለም። «በተላከልኝ ናሙና ላይ በዓይኔ ማየት የምችለውን ያህል አላገኘሁም» ማለቴ ነው። በአንድ ግራም ቆዳ ውስጥ ቢያንስ 10,000 ያህል ባክቴሪያ ከሌለ ስላይዱን ቀኑን ሙሉ ባገላብጠውም አንድ ላላገኝ እችላለሁ።

ስንቆጥር ከ1+ እስከ 6+ እንሰጣለን። 1+ ማለት በማይክሮስኮፑ 100 እይታ ውስጥ ከ1 እስከ 10 ባክቴሪያ ተገኘ ማለት ነው። 6+ ማለት ደግሞ በአንድ እይታ ብቻ ከ1,000 በላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት አስበው። በሽታው ያው አንድ በሽታ ነው፤ የሚለየው የታካሚው ሰውነት የተቋቋመበት መንገድ ነው። ያንተ ወጣት የገለጽከው አንድ ምልክት፣ የተለየ ጠርዝ፣ ደረቅ መሐል አለው፤ ይህ ሰውነቱ ባክቴሪያውን አጥብቆ የተዋጋ ሰው መልክ ነው። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ስሚሩ ፖዘቲቭ ቢሆን ነበር የሚገርመኝ። የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ሁሉ በአንድ ላይ ቢመረመሩ ስሚር የሚይዘው ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

በሌላ በኩል ግን በትክክል ተወስዶ፣ በትክክል ተቀልሞ ፖዘቲቭ ከሆነ በሽታው መኖሩን መጠራጠር አያስፈልግም። ስሚር «አለ» ሲል እመነው፤ «የለም» ሲል ግን ሌላ ምስክር ጥራ።

ናሙናውን ማን እንደወሰደውም ጠይቅ። ቆዳው በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ደሙ እስኪሸሽና እስኪገረጣ ካልተያዘ፣ የሚወጣው የቆዳ ፈሳሽ ሳይሆን ደም ነው። ምላጩ 5 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያህል ከቀደደ በኋላ ወደ ጎን ዞሮ የቁስሉን ግድግዳ መፋቅ አለበት። ደም የለበሰ ስላይድ ሲመጣልኝ እንዲደገም እመልሰዋለሁ። ቀለሙ ላይም ጥንቃቄ አለ፦ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የዚል-ኒልሰንን ቀይ ቀለም የሚይዘው እንደ ሳንባ ነቀርሳው አጥብቆ አይደለም። በአሲድ አልኮሉ ከልክ በላይ ካጠብከው የነበረውንም አጥበህ ትጥለዋለህ።


የቆዳ ሐኪም፦

ስላይድ አንባቢ በሚገባ አስረድተዋል። እኔ አንድ ቃል ላይ እቆማለሁ፦ «የሚሰማው አልመሰለኝም።» የምርመራህ ሁሉ መሠረት እዚህ ቃል ላይ ነው ያለው፤ መሠረቱ ደግሞ «አልመሰለኝም» ሊሆን አይችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚቀበላቸው ዋና ምልክቶች ሦስት ናቸው። ነጣ ወይም ቀላ ባለ የቆዳ ምልክት ላይ እርግጠኛ የሆነ የስሜት ማጣት፤ የወፈረ ነርቭ ኖሮ ነርቩ በሚያዝዘው ቦታ ላይ መደንዘዝ ወይም የጡንቻ መድከም፤ በስሚር ላይ ባክቴሪያ መታየት። ከሦስቱ አንዱ ብቻ በእርግጠኝነት ከተገኘ በቂ ነው። ላቦራቶሪ ከሦስቱ አንዱን ይዟል፤ ሁለቱ በአንተ እጅ ናቸው።

አሁን ልጁ ሲመለስ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ዓይኑ እያየ ጤናማ ቆዳውን ንካና የተነካበትን ቦታ በጣቱ እንዲያመለክት አስተምረው። ሲገባው ዓይኑን ይጨፍን። ጥጡን በጣቶችህ አሹለህ ቀጥ አድርገህ ንካ፤ አትጥረገው፤ ስትጠርገው አጠገቡ ያለው ጤናማ ቆዳ ይሰማዋል። አንድ ጊዜ ጤናማውን፣ ሁለት ጊዜ ምልክቱን፣ እንደገና ጤናማውን፣ ቅደም ተከተሉን እያዛባህ ሂድ። «ተሰማህ?» እያልክ አትንካ፤ ጥያቄህ ራሱ መቼ እንደምትነካው ይነግረዋል። ሊያስደስትህ የሚፈልግ ታካሚ ሁልጊዜ «አዎ» ይላል። በጣቱ ካመለከተ ግን እውነቱ ይወጣል።

ምልክቱ ፊት ላይ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር፤ የፊት ቆዳ ነርቭ ስለሚበዛበት በሽታው እያለም ስሜቱ ሊቀር ይችላል። ክንድ ላይ ግን ምርመራው ይታመናል።

ሌሎቹን በሽታዎችም አትርሳ። ለምጽ ከሥጋ ደዌ ጋር በሰው አፍ ስንት ዘመን ሲምታታ ኖሯል! ለምጽ ቆዳውን ፍጹም ነጭ ያደርገዋል፤ ስሜቱ ግን ሙሉ ነው። በሥጋ ደዌ ቀለሙ ይደበዝዛል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ጭርት ጠርዙ ከፍ ይላል፣ ይቅረፈረፋል፣ ያሳክካል። ቋቁቻም ቢሆን አያደነዝዝም።

ደግሞም ነርቩን ዳስስ። አንተ በጻፍከው ውስጥ ስለ ነርቭ አንድም ቃል የለም፤ ምልክቱ ያለው ግን ከክርን በታች ነው። ከክርኑ ጀርባ በውስጥ በኩል ያለውን ጎድጓዳ በጣትህ ጫፍ ፈልግ፤ ከቀኙ ጋር አወዳድር፤ ፊቱንም እያየህ ዳስስ፤ ሕመሙን ቀድሞ የሚነግርህ ፊቱ ነው።


የሞለኪውል ተመራማሪ፦

በአክብሮት ልቃወም። ይህ ሁሉ በመርማሪው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሁለት ሐኪሞች አንድን ነርቭ ዳስሰው አንዱ «ወፍሯል» ሌላው «አልወፈረም» ሲሉ ስንት ጊዜ አይተናል? ባክቴሪያው እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ምግብ ላይ አልበቀለም። ሃንሰን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1873 በኖርዌይ በርገን ካየው ወዲህ ብዙዎች ሞክረዋል፤ በ1960 በአይጥ እግር መዳፍ ላይ፣ በ1971 ደግሞ በአርማዲሎ ሰውነት ውስጥ ማራባት ከመቻሉ በቀር ማንም አልተሳካለትም። አንድ ጊዜ ለመከፈል እንኳን ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ካልቸር (ባክቴሪያን በላቦራቶሪ ማብቀል) በሌለበት ሰዎች የሚመኩበት ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ፒሲአር ያ ሚዛን ነው።

በባክቴሪያው ዘረመል ውስጥ 36 ጊዜ ያህል የሚደጋገም አርሌፕ የሚባል ቅደም ተከተል አለ። ፒሲአሩ ያንን ሲፈልግ በስሚር የማይታዩ ጥቂት ባክቴሪያዎችን ሊያገኝ ይችላል። በዚያው ናሙና ላይ አርፖቢ፣ ፎልፒ1 እና ጋይረኤ የሚባሉትን ዘረመሎች አንብቦ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ኦፍሎክሳሲን የተባሉትን መድኃኒቶች መላመድ አለመላመዱን ይነግራል። ይህንን የትኛው ጣት ዳስሶ ያውቀዋል?


የቆዳ ሐኪም፦

መድኃኒት መላመድን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ በሽታው ሲመለስ ያለ እናንተ ዓይነ ስውሮች ነን። ግን የዚህን ልጅ ጉዳይ እንያዝ። አንድ ምልክት ብቻ ባለውና ባክቴሪያው ጥቂት በሆነ ሰው ላይ ፒሲአር ኔጌቲቭ ቢመጣ «በሽታ የለም» ብለው ይፈርማሉ?


የሞለኪውል ተመራማሪ፦

አልፈርምም። ጥቂት ባክቴሪያ ባላቸው ታካሚዎች ላይ ከስሚር ይሻላል እንጂ ብዙዎቹን ይስታል። የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤም ይቆያልና ፖዘቲቭ መሆኑ ብቻውን ባክቴሪያው በሕይወት መኖሩን አያሳይም። ይህንን መቀበል አለብኝ። ክርክሬ ፒሲአር ይቅደም አይደለም፤ ጣት ብቻውን ዳኛ አይሁን ነው።


የመስክ ነርስ፦

የተመራማሪውን ስጋት እኔ በገዛ ታካሚዬ ላይ አይቼዋለሁና ልደግፋቸው። ከዓመታት በፊት አንድ አባት ወደ ጤና ጣቢያችን ይመላለሱ ነበር። አፍንጫቸው ይታፈናል፣ እግራቸው ያብጣል። ቆዳቸው ላይ የደነዘዘ ቦታ ፈልጌ አጣሁ፤ በጥጥ ነካኋቸው፣ ሁሉም ይሰማቸዋል። «ሥጋ ደዌ አይደለም» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በሦስተኛው ጊዜ በመስኮት በኩል ብርሃን በጎናቸው ሲያርፍ ጆሮዎቻቸውን አየሁ። ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ለስላሳው ክፍል ወፍሮ፣ እንደ ሰም ያብረቀርቅ ነበር። የቅንድባቸው የውጭው ጫፍም ሳስቷል። ስሚር ወሰድኩ፤ 5+ መጣ።

ከአሥር የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ሦስት ያህሉ የደነዘዘ ምልክት የላቸውም፤ እነርሱ ደግሞ ብዙ ባክቴሪያ ያለባቸው፣ ለሌላውም ሊያስተላልፉ የሚችሉት ናቸው። መደንዘዝን ብቻ ብንፈልግ እነዚህን እናሳልፋለን። እኚያ አባት ለሁለት ተጨማሪ ወራት ያለ መድኃኒት የቆዩት በኔ ምክንያት ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ስሚር የማይታመን ነገር ተደርጎ እንዳይቀር እለምናችኋለሁ። ብዙ ቦታ «ምልክት ቆጥረን ታካሚውን እንመድባለን» ተብሎ ምላጩን መያዝ የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው።


ስላይድ አንባቢ፦

እህቴ፣ ልብሽ ስለ እኚያ ሰው እንዲህ መቃጠሉን አከብራለሁ። ያልሽውም እውነት ነው። ሕክምናው በምልክት ብዛት ብቻ ሊወሰን ይችላል ከተባለ ወዲህ ስላይድ የሚያነቡ እጆች ሳስተዋል። አዲስ የመጡ ልጆች የቀለም ዝቃጭን ከባክቴሪያ አይለዩም፤ የተቧጨረ አሮጌ ስላይድ ላይም «ፖዘቲቭ» ሲጽፉ አግኝቻለሁ።


ታካሚ የነበርኩ፦

ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ውይይት ያገኘሁት ስለ በሽታዬ ሳነብ ነው። ከፈቀዳችሁልኝ አንድ ነገር ልናገር።

የኔም መጀመሪያ እንዲህ ነበር፤ ክንዴ ላይ አንድ ምልክት። ስሚር ተወሰደልኝ፣ ኔጌቲቭ። «ነጻ ነህ» ተባልኩና በደስታ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ማንም ክርኔን አልነካም። መጀመሪያ ትንሿ ጣቴ ደነዘዘች፤ ቀጥሎ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ፤ ከዚያ ሁለቱ ጣቶቼ ወደ ውስጥ ታጠፉ። ሌላ ከተማ ያለ ሐኪም ክርኔን ሲዳስስ ጮህኩ። በዚያው ቀን መድኃኒት ጀመረልኝ። ባክቴሪያው ሞቷል፣ ድኛለሁ፣ ልጆቼም ደህና ናቸው። ጣቶቼ ግን አልተዘረጉም።

ባልደረባህ «ስም አትለጥፍበት» ያለህ ለልጁ አዝኖ እንደሆነ ይገባኛል። ስሙን ግን እኔ ችዬ ኖሬያለሁ፤ ያልቻልኩት ጣቶቼን መመለስ ነው። እባክህ ልጁ ሳምንቱን ሳይሞላ ደውልለት።


ጀማሪ ሐኪም፦

ወንድሜ፣ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። አሁኑኑ ደውዬለት ነገ ጠዋት ይመጣል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።


ሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦

ስለ ደም ምርመራው ማንም አልመለሰም። ፒጂኤል-1 የሚባለውን የባክቴሪያውን ቅባት የሚያጠቃው አንቲቦዲ (ሰውነት የሚሠራው መከላከያ) በደም ውስጥ ከተገኘ በቂ አይደለም? ከሞተ ባክቴሪያ የተሠራው ሌፕሮሚን ቆዳ ውስጥ የሚወጋበት ምርመራስ?


የሞለኪውል ተመራማሪ፦

ሁለቱም አንድ ድክመት አላቸው፤ የሰውነትን ምላሽ ነው የሚያሳዩት እንጂ በሽታውን አይደለም። አንቲቦዲው ብዙ ባክቴሪያ ባላቸው ሰዎች ይበዛል፤ እነርሱ ግን በስሚርም የሚገኙ ናቸው። አስቸጋሪ በሆኑት፣ እንደዚህ ወጣት ባሉት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ከታካሚ ጋር በሚኖሩና ፍጹም ጤነኛ በሆኑ ሰዎች ደም ውስጥ ደግሞ ሊገኝ ይችላል። ሌፕሮሚን የሚነበበው ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ነው፤ ፖዘቲቭ ከሆነ ሰውየው ባክቴሪያውን የመቋቋም አቅም አለው ማለት እንጂ ታሟል ማለት አይደለም። ለምደባ ጠቅሟል፤ ለምርመራ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያም ምልክት የሌለውን ሰው ለመለየት የሚመከር ምንም ዓይነት ምርመራ የለም።


ፓቶሎጂስት፦

ዘግይቼ ነው የገባሁት። ጥርጣሬው ካልጠራ ባዮፕሲ (ተቆርጦ የተወሰደ የቆዳ ቁራጭ) ላኩልን፤ ነገር ግን እንዴት እንደምትልኩልን አስቡበት። ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ከደረቀው መሐል የተቆረጠ ስስ ቅርፊት ነው። እኛ የምንፈልገው ከሚንቀሳቀሰው ጠርዝ፣ ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ እስኪነካ ድረስ በጥልቀት የተወሰደውን ነው፤ የምንፈልጋቸው ቀጫጭን ነርቮች እዚያ ናቸውና። ነርቩ ውስጥ የገባ፣ ነርቩን ያፈረሰ ግራኑሎማ (የሰውነት መከላከያ ሴሎች ክምችት) ካየሁ፣ አንድም ባክቴሪያ ሳላገኝ ሥጋ ደዌ ብዬ እጽፋለሁ። ሳርኮይዶሲስ የሚባለው ሌላ በሽታ ተመሳሳይ ግራኑሎማ ይሠራል፤ ነርቩን ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይተወዋል። በሌላው ጫፍ ያለውን፣ ሴሎቹ አረፋ መስለው በባክቴሪያ የተሞሉበትን፣ ፋይት በሚባለው ቀለም ወዲያው እለየዋለሁ።

በጣም ገና በጀመረ ምልክት ላይ ግን የኔም መልስ «ለይቶ የማያሳይ እብጠት» ከማለት አያልፍም። ያ መልስ ሲደርሳችሁ እንደ ኔጌቲቭ አትቁጠሩት። ማመልከቻ ወረቀቱ ላይም «የቆዳ ምልክት» ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ፤ ደንዝዟል ወይስ አልደነዘዘም የሚለውን ጻፉልን። እኛም የምናነበው ከእናንተ ጋር ነው።


የእጅና የእግር ሕክምና ባለሙያ፦

ለጀማሪ ሐኪም አጭር ምክር አለኝ። በጥጥ ከመረመርክ በኋላ እጁን ስሜት በሚለኩት የናይሎን ክሮች መርምር። የ0.2 ግራሙ ክር እጅ ላይ፣ የ2 ግራሙ እግር ላይ ካልተሰማው ስሜቱ ቀንሷል ማለት ነው። ክሩ ቆዳው ላይ እስኪታጠፍ ብቻ ተጫን። የትንሿን ጣት ጉልበት ደግሞ በራስህ ጣት ገፍተህ ለካ፤ ሁለቱን እጆች አወዳድር። የነርቭ ፍጥነት መለኪያ መሣሪያ ካላችሁ በጣት ከሚታወቀው ሳምንታት ቀድሞ ጉዳቱን ሊያሳይ ይችላል፤ አልትራሳውንድም የነርቩን ውፍረት በሚሊ ሜትር ይለካልና የሁለቱን ሐኪሞች ክርክር ይዳኛል። ከሌላችሁ ግን እነሱን ስትጠብቅ ቀን አትቁጠር። የዛሬውን ውጤት በወረቀት ሥዕል ላይ አስፍረው፤ በሚቀጥለው ወር ከምን ጋር እንደምታወዳድር ታውቃለህ።


ጀማሪ ሐኪም፦

ልጁ ዛሬ ጠዋት መጣ። ያላችሁኝን አንድ በአንድ አደረግሁ።

ዓይኑን ጨፍኖ መሐሉን አሥር ጊዜ ነካሁት፤ አንድም ጊዜ አላመለከተም። በየመሐሉ ጤናማ ቆዳውን ስነካው ጣቱ ሳይሳሳት እዚያው ያርፍ ነበር። ከዚያ ክርኑን ያዝኩ። የቀኙ ነርቭ በጣቴ ሥር ለስላሳ ሆኖ ሸሸ፤ የግራው ግን ወፍሮና ጠንክሮ ቁጭ ብሏል። ትንሽ ስጫነው ፊቱን አጨማደደ። ትንሿ ጣቱ 0.2ቱን ክር አልሰማችም፤ ስገፋትም ከቀኟ ይልቅ ቶሎ ተሸነፈች። ስጠይቀው «ከሁለት ወር ወዲህ ብዕር ሲይዝ እንደሚደክመው» ነገረኝ። ባለፈው ስመረምረው ይህን አልጠየቅሁትም ነበር።

ባልደረባዬን ጠርቼ እርሱም እንዲዳስስ አደረግሁ፤ ምንም ሳልነግረው ግራው መወፈሩን ራሱ ተናገረ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ምልክቱ አንድ ነው፣ ስሚሩም ኔጌቲቭ ነው። ታዲያ ጥቂት ባክቴሪያ ላለባቸው የሚሰጠውን የስድስት ወሩን ሕክምና ነው የምጀምርለት?


የቆዳ ሐኪም፦

አይደለም። ነርቩ ተነክቷልና ምልክቱ አንድ ቢሆንም ኤምቢ ከሚባለው፣ ብዙ ባክቴሪያ አለባቸው ከሚባሉት ምድብ ይገባል፤ የተለመዱት ሦስት የሥጋ ደዌ መድኃኒቶች ለ12 ወር። ስሚሩ ብቻ ቢሰማ ኖሮ ግማሹን ሕክምና ነበር የሚያገኘው። የነርቩ ድካም ስድስት ወር ስላልሞላው የነርቩን እብጠት የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎንም ዛሬውኑ ያስፈልገዋል፤ ጣቶቹ የመመለስ ዕድላቸው ጥሩ ነው። ከመጀመርህ በፊት ስኳሩንና ሳንባውን መርምር። አብረውት የሚኖሩትንም ጥራ፤ ቆዳቸውን ሙሉ በሙሉ እይ። በሽታ ለሌላቸው አንድ ጊዜ የሚሰጥ ሪፋምፒሲን በመመሪያው ተፈቅዷል፤ እርሱንም ቢሆን ሳንባ ነቀርሳ እንደሌለባቸው ካረጋገጥህ በኋላ ስጣቸው።


ስላይድ አንባቢ፦

ቤተሰቡ ሲመጣ ጆሮዎቻቸውን በጎን ብርሃን እይልኝ፤ ነርሷ እንዳደረገችው። ለልጁ በሽታውን ያስተላለፈለት ሰው ሊኖር ይችላል፤ እርሱ ደግሞ የኔ ማይክሮስኮፕ የሚያገኘው ዓይነት ነው። ስሚሩን የሚወስድልህ ሰው ካጣህ ጻፍልኝ፤ አቆናጠጡን ደረጃ በደረጃ አስረዳሃለሁ።


ታካሚ የነበርኩ፦

ለልጁ ንገርልኝ፤ ያ እጁ ትኩስ ነገር ሲይዝ አይነግረውምና ሁልጊዜ በጨርቅ ይያዝ። ማታ ማታም በዓይኑ ይመርምረው። ማውራት ከፈለገ ደግሞ በዚህ መድረክ በግል መልእክት ይጻፍልኝ።